ከቅጥሩ ውጭ ያለ ምንጭ፦ የከርነል መዝገብ አያያዝ ታሪክና ትምህርቱ

እንዳ ኢየሱስ በመቀሌ ከተማ የሚገኝ ከፍ ያለ ሥፍራ ሲሆን፣ ስሙም በትግርኛ በዚያ የተተከለውን የኢየሱስን ቤተ ክርስቲያን ያመለክታል። ዛሬ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ የሚገኘው በዚሁ ሥፍራ ነው። በአገር ታሪክ ውስጥ ግን ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ከአድዋ ጦርነት አስቀድሞ የኢጣልያ ጦር በዚያ ሠርቶት በነበረው ምሽግ ምክንያት ነው።

የኢትዮጵያ ጦር ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. በአምባ አላጌ ድል ካደረገ በኋላ ወደ ሰሜን ሲገሠግሥ፣ በማጆር ጋሊያኖ የሚታዘዝ ከአንድ ሺሕ የሚበልጥ የጠላት ጦር በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ ተከበበ። ግንቡ ጠንካራ ነበር፤ መድፍም ነበረው። በቅጥሩ ላይ በቀጥታ የተሰነዘረው ጥቃት የብዙ ኢትዮጵያውያንን ሕይወት ከማስከፈሉ በቀር ምሽጉን ሊያስለቅቅ አልቻለም። ይሁን እንጂ ምሽጉን የሠሩት መኰንኖች ከቅጥሩ ውጭ የተዉት አንድ ነገር ነበር። ይኸውም የሚጠጡት ውኃ ነው። በእቴጌ ጣይቱ ዕቅድ መሠረት ምንጩ በኢትዮጵያውያን እጅ ከገባ በኋላ ግንብም ሆነ መድፍ ሊረዳ አልቻለም። በውኃ ጥም የተጨነቀው ጦር ጥር ወር አጋማሽ ላይ በድርድር ምሽጉን ለቅቆ ወጣ።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ አለ። በሰላሙ ቀን ምንጩ ከግንቡ ውጭ መሆኑ ለማንም እንደ ጉድለት አይታይም ነበር። ውኃው ቅርብ ነው፤ መንገዱም ክፍት ነው። ጉድለቱ የታወቀው ውኃው ከምን ጊዜውም ይልቅ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነበር። ለኮምፒዩተር ባለሙያ ይህ ከጦር ታሪክነቱ ያለፈ ትምህርት ይሰጣል። ምክንያቱም የሥርዓተ ክወና ሠሪዎች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲታገሉት የኖሩት ችግር በመሠረቱ ይኸው ነው። ኮምፒዩተሩ ሲወድቅ ለምን እንደ ወደቀ የሚናገረው መዝገብ ለመጻፍ የሚያስፈልገውን ሁሉ የሚቀዳው ከየት ነው? ምንጩ ከቅጥሩ ውጭ ከሆነ በጭንቁ ሰዓት ይቋረጣል።

እምብርቱና መዝገቡ

ማንኛውም ኮምፒዩተር፣ በኪስ የሚያዝ ስልክም ይሁን የባንክ ሰርቨር፣ ሥራውን የሚመራው ሥርዓተ ክወና በሚባለው ፕሮግራም ነው። የዚህ ፕሮግራም እምብርት ከርነል ይባላል። ፕሮሰሰሩን ለየተግባሩ የሚያከፋፍል፣ ማኅደረ ትውስታውን የሚደለድል፣ ዲስኩን፣ ኔትወርኩንና ሌሎቹን መሣሪያዎች የሚያዝዝ ይኸው ከርነል ነው። ሌላ ፕሮግራም ቢሳሳት ከርነሉ ያንን ፕሮግራም ዘግቶ ስሕተቱን ሊመዘግብ ይችላል። ከርነሉ ራሱ ቢሳሳት ግን ከእርሱ በላይ ሆኖ የሚመዘግብለት የለም። ዳኛው ሲታመም የችሎቱን ቃል ማን ይጽፋል እንደ ማለት ነው።

ስለዚህ ከርነል የራሱን ሕመም ራሱ ይመዘግባል። ይህን ለማድረግ ግን የሚያስፈልጉት ነገሮች አሉ። መልእክቱን በዲስክ ላይ ለማስፈር የዲስኩ ማዘዣ ፕሮግራም ጤነኛ መሆን አለበት። የፋይሉ ሥርዓት መሥራት አለበት፤ ማኅደረ ትውስታም መገኘት አለበት። ከእነዚህ አንዱ የተበላሸ እንደሆነ፣ ብልሽቱን የሚገልጸው መልእክት በዚያው በተበላሸው መንገድ ማለፍ ሊኖርበት ነው። አንባቢ እንደሚረዳው መዝገቡ ጤነኛውን ቀን በሚገባ ጽፎ የሞቱን ቀን ባዶ ሊተወው ይችላል። ስሕተት የሚፈልግ መሐንዲስ ግን ከመዝገቡ ሁሉ አብልጦ የሚሻው የመጨረሻዎቹን ጥቂት መስመሮች ነው።

ከወረቀት መዝገብ እስከ ዩኒክስ

የመጀመሪያዎቹ ኮምፒዩተሮች መዝገብ በሰው እጅ የሚጻፍ ደብተር ነበር። በአሜሪካ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ 2 በተባለው ኮምፒዩተር ላይ ይሠሩ የነበሩ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. መስከረም 9 ቀን 1947 በአንዱ ሪሌይ ውስጥ የሞተች የእሳት ራት አግኝተው በደብተሩ ገጽ ላይ ለጥፈዋታል። ደብተሩ እስከ ዛሬ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይገኛል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ መሐንዲሶች ስሕተትን በነፍሳት ስም መጥራት የጀመሩት ከዚያ ቀደም ብለው ቢሆንም፣ ታሪኩ ቃሉን ዝነኛ አድርጎታል። ለዚህ ጽሑፍ የሚበጀው ግን ሌላው ጎኑ ነው። መዝገብ ጠባቂው ሰው ከመሣሪያው ውጭ ስለ ነበር መሣሪያው ቢቆምም እጁ መጻፉን አልተወም።

ኮምፒዩተሩ እየፈጠነ ሲሄድ የሰው እጅ ሊከተለው አልቻለም። በዚያን ዘመን ብዙውን የማኅደረ ትውስታ ሥራ የሚሠሩት ከማግኔት የተሠሩ ጥቃቅን ቀለበቶች ነበሩ። እነዚህ ቀለበቶች ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም የያዙትን አይለቁም። ስለዚህ ፕሮግራም ሲወድቅ የማኅደረ ትውስታው ይዘት በሙሉ በወረቀት እየታተመ ባለሙያው ቁጥር በቁጥር ይመረምረው ነበር። ቀለበቶቹ ከተረሱ ብዙ ዘመን ቢሆናቸውም የዚህ ቅጂ ስም፣ ‹ኮር ዳምፕ› የሚለው፣ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ከዚያ በኋላ የመጣው ማኅደረ ትውስታ ርካሽና ፈጣን ሆኖ ሳለ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የያዘውን ሁሉ ይረሳል። በዚህ ለውጥ ዋጋው ሲቀንስ የወደቀውን ኮምፒዩተር የመመርመር ምቾትም አብሮ ጠፋ።

እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ቤተ ሙከራ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ የጀመሩት ዩኒክስ ለዚህ ችግር የሰጠው የመጀመሪያ መልስ እጅግ ቀላል ነበር። በ1975 የወጣው 6ኛው እትም ከርነል ውስጥ መልእክትን በቀጥታ በኮንሶሉ ላይ የሚያትም አጭር ክፍል አለ። ይህ ክፍል የማንንም ርዳታ አይጠብቅም፤ ኮንሶሉ ዝግጁ መሆኑን ደጋግሞ እየጠየቀ አንድ አንድ ፊደል ይልካል። ሠሪዎቹም በዚያው ክፍል ራስጌ ማሳሰቢያ ጽፈዋል። መልእክት በሚታተምበት ጊዜ የኮምፒዩተሩ ሥራ ሁሉ ቆሞ ስለሚጠብቅ ክፍሉ ለተራ ወሬ እንዳይውል ያስጠነቅቃሉ። በዚህ አጭር ማሳሰቢያ ውስጥ የኋለኛው ዘመን ክርክር ሁሉ ተጠቃሏል። መልእክቱ በእርግጥ እንዲደርስ ከተፈለገ ሥራው መቆም አለበት፤ ሥራው እንዳይቆም ከተፈለገ ደግሞ መልእክቱ ላይደርስ ይችላል።

በ1979 የወጣው 7ኛው እትም ሌላ እርምጃ ጨመረ። የመጨረሻዎቹን 128 ፊደላት በማኅደረ ትውስታ ውስጥ በትንሽ ማቆያ ያስቀምጥ ጀመር። ኮንሶሉ ዝም እንዲል ቢደረግ እንኳ እነዚህ ፊደላት ለኋላ ምርመራ ይቈያሉ። 128 ፊደል ከሁለት መስመር እምብዛም አይበልጥም። ሆኖም መጻፍንና ማድረስን የለየ የመጀመሪያ ሙከራ በመሆኑ ትልቅ ቦታ ይሰጠዋል። መልእክቱ አስቀድሞ በቅጥሩ ውስጥ ይቀመጣል፤ ወደ ውጭ የሚወጣበት መንገድ ሌላ ጉዳይ ይሆናል።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኤሪክ ኦልማን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ ለፖስታ ማስተላለፊያ ፕሮግራሙ ‹ሲስሎግ› የተባለውን የመዝገብ ሥርዓት ሠራ። መልእክቶችን እንደ ክብደታቸው ከአስቸኳይ አደጋ እስከ ስሕተት ፍለጋ በ8 ደረጃ የሚከፍለው አሠራር ከዚያ የመጣ ሲሆን እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ሲስሎግ ከከርነሉ ውጭ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። መልእክቱን ተቀብሎ በፋይል ያሰፍራል፤ ወይም በኔትወርክ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ይልካል። በጤናው ቀን የሚሰጠው አገልግሎት ከፍ ያለ ነው። ከርነሉ ከወደቀ ግን እርሱም አብሮ ይወድቃል። መልእክቱን ከማቆያው ወስዶ ለማስፈር የሚያስፈልገውን የፕሮሰሰር ጊዜ የሚሰጠው ያው የወደቀው ከርነል ነውና።

የቁልፉ ችግር

እ.ኤ.አ. በ1991 የፊንላንድ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የሊኑክስን ከርነል ሲያወጣ መልእክት ማተሚያው ክፍል ‹ፕሪንትኬ› ተባለ። የዚህ ክፍል ውል ለአጻጻፍ ቀላል፣ ለአፈጻጸም ከባድ ነው። ማንኛውም የከርነል ክፍል በማንኛውም ሰዓት ሊጠራው መብት አለው። መልእክቱም ይጻፋል፤ ከተቻለም ወዲያው በኮንሶል ይታያል። ለስሕተት ፈላጊ ከዚህ የሚሻል ውል የለም። ውሉን ማክበር ግን ወደ ሠላሳ ዓመት የሚጠጋ ድካም ጠይቋል።

የመጀመሪያው እንቅፋት ቁልፍ ነው። ብዙ ፕሮሰሰሮች ያሉት ኮምፒዩተር አንድ ማቆያ ሲጋሩ ጽሑፋቸው እንዳይደባለቅ ማቆያው በቁልፍ ይጠበቃል። አንዱ ሲጽፍ ሌላው ይጠብቃል። ነገር ግን ፕሮሰሰርን ምንም ሥራ ላይ ቢሆን የሚያስቆም፣ ሊከለከልም የማይችል የጥሪ ዐይነት አለ። ይህ ጥሪ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከባድ ብልሽት ሲደርስ ነው። እንግዲህ አንድ ፕሮሰሰር የማቆያውን ቁልፍ ይዞ እየጻፈ ሳለ እንዲህ ያለ ጥሪ ቢደርሰውና ጥሪውን የሚያስተናግደው ክፍል ደግሞ መልእክት መጻፍ ቢፈልግ ቁልፉ እስኪለቀቅ ይጠብቃል። ቁልፉን የያዘው ግን ራሱ ነው፤ ጥሪው እስኪያልቅም ሊለቀው አይችልም። ኮምፒዩተሩ በዚያው ቆሞ ይቀራል። ችግሩን እንዲገልጽ የተሠራው መሣሪያ ራሱ ችግር ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት የኮንሶሉ ዝግመት ነው። ለስሕተት ፍለጋ ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው ቀላሉና የታመነው ሲሪያል መስመር ነው። በተለመደው የ115,200 ፍጥነት ይህ መስመር በሴኮንድ 11,520 ፊደል ያህል ያስተላልፋል። 80 ፊደል ያለው አንድ መስመር 7 ሚሊሴኮንድ ይወስዳል። 7 ሚሊሴኮንድ ለሰው ከቅንድብ መርገብገብ ያነሰ ጊዜ ቢሆንም፣ በሴኮንድ 3 ቢሊዮን ምት ለሚመታ ፕሮሰሰር ግን 21 ሚሊዮን ምት ነው። በቀድሞው አሠራር ኮንሶሉን የያዘው ፕሮሰሰር የራሱን ብቻ ሳይሆን ሌሎቹ የሚያከማቹትንም መልእክት ሁሉ የማተም ግዴታ ነበረበት። ሌሎቹ መጻፋቸውን ካላቋረጡ እርሱ ከማተም አይወጣም። ሺሕ መስመር ቢጠራቀም ሰባት ሴኮንድ ያልፋል። በዚህ መካከል ፕሮሰሰሮች መሥራታቸውን የሚከታተለው ጠባቂ ክፍል፣ ይህ ፕሮሰሰር ደንዝዟል ብሎ ሌላ የማስጠንቀቂያ መልእክት ይጽፋል፤ ያም መልእክት በወረፋው ላይ ይጨመራል።

ሦስተኛው እንቅፋት ስውር ነው። አንዳንድ ስሕተት የሚፈጠረው ሁለት ተግባራት በጣም በተቀራረበ ጊዜ ሲገናኙ ብቻ ነው። መሐንዲሱ ስሕተቱን ለመያዝ የመልእክት መስመር ሲጨምር፣ ማተሙ የሚወስደው ጊዜ ሁለቱን ተግባራት ያራርቃቸውና ስሕተቱ ይሰወራል። መስመሩን ሲያነሣው ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ፍለጋ መልእክቱን ወዲያው ከማተም ይልቅ በፍጥነት በማኅደረ ትውስታ አስፍሮ በኋላ ማንበብ የተሻለ ሆነ። በ2008 ወደ ሊኑክስ የገባው ‹ኤፍትሬስ› የተባለው የክትትል መሣሪያ ለዚህ ዐይነቱ ፍለጋ ከፍተኛ አገልግሎት ሰጥቷል።

የሃያ ዓመት ክርክር

እነዚህ እንቅፋቶች አንድ በአንድ ነው የተነሡት። በ2016 በማይከለከለው ጥሪ ውስጥ የሚጻፉ መልእክቶች ለየፕሮሰሰሩ በተመደበ ጊዜያዊ ማቆያ እንዲቀመጡ ተደረገ። በ2018 ስቲቨን ሮስቴት ባቀረበው ዘዴ አንድ ፕሮሰሰር ብቻውን ለሌሎቹ ሁሉ ሲያትም እንዳይቀር የኮንሶሉ ተራ ወደሚቀጥለው ጸሐፊ እንዲተላለፍ ሆነ። በ2020 መጨረሻ በወጣው የሊኑክስ 5.10 እትም ደግሞ ጆን ኦግነስ የሠራው ቁልፍ የሌለበት ክብ ማቆያ ገባ። በዚህ ማቆያ ማንም ጸሐፊ ሌላውን አይጠብቅም። እያንዳንዱ ሊከፈል በማይችል አንድ ትእዛዝ የራሱን ቦታ ይይዛል፤ ይጽፋል፤ ጽሑፉ መጠናቀቁን ምልክት ያደርግበታል። አንባቢውም ምልክት የሌለበትን አያነብም። ጸሐፊው በመካከል ቢቋረጥ የሚጐዳው የራሱ መስመር ብቻ ነው፤ የሌላው መንገድ አይዘጋም።

በዚህ መጻፉ በቅጥሩ ውስጥ ዋስትና አገኘ። ማድረሱ ግን ገና ነበር። በ2022 የማተሙን ሥራ ከጸሐፊዎቹ ትከሻ አንሥቶ ለዚሁ ለተመደቡ የጀርባ ተግባራት የሚሰጥ አሠራር ወደ ከርነሉ ገብቶ ነበር። ሥራው ፈጠነ። ሆኖም ከርነሉ ሊወድቅ ሲል የጀርባው ተግባር ተራው እስኪደርሰው ሲጠባበቅ የመጨረሻዎቹ መልእክቶች ሳይታዩ ሊቀሩ እንደሚችሉ ስለ ታወቀ፣ የ5.19 እትም ከመውጣቱ በፊት ለውጡ እንዲመለስ ተደረገ። ፍጥነትን ለማግኘት እርግጠኝነትን መስጠት ተገቢ አይደለም ተብሎ ተፈረደ ማለት ነው። የተሠራን ሥራ ለእውነተኛነቱ ሲባል መልሶ ማፍረስ በሙያው ታሪክ ከሚያስከብሩ ውሳኔዎች አንዱ ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው አሠራር ሁለቱን ፍላጎቶች አስታረቀ። በጤናው ጊዜ የጀርባ ተግባሩ ያትማል፤ ማንም አይጠብቅም። ኮንሶሉን የመያዝ መብት ግን በሦስት ማዕረግ ተከፈለ፤ እነዚህም ተራ፣ አስቸኳይና የውድቀት ሰዓት ናቸው። ከፍ ያለ ማዕረግ ያለው ዝቅ ካለው ላይ ኮንሶሉን መቀበል ይችላል። የሚቀበለውም የኮንሶሉ ማዘዣ ፕሮግራም አሁን ብትወስደኝ አልበላሽም ብሎ ባመለከተበት ነጥብ ላይ ነው። ሌላ ተስፋ በማይኖርበት በመጨረሻው ሰዓት ብቻ ያለ ፈቃድ መውሰድ ይፈቀዳል።

ጉዳዩ የከርነል ሠሪዎች የውስጥ ክርክር ብቻ እንዳይመስል አንድ ነጥብ መጨመር ያስፈልጋል። ፋብሪካን፣ የሕክምና መሣሪያንና ሮቦትን የሚቈጣጠር ኮምፒዩተር በተወሰነለት ቅጽበት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ሊኑክስን ለዚህ ዐይነቱ ሥራ የሚያበቃው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ከዋናው ከርነል ጎን ለጎን ሲሠራበት ቆይቷል። ፕሮጀክቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ዋናው ከርነል እንዳይገባ በመጨረሻ ከያዙት ነገሮች ዋነኛው ይኸው የመልእክት ማተሚያው ጉዳይ ነበር። በመስከረም 2024 ጉዳዩ መፍትሔ ሲያገኝ ቶማስ ግላይክስነር የውሕደቱን ጥያቄ በቪየና ከተማ በወረቀት አትሞ ለቶርቫልድስ በእጁ ሰጠው። በዚያው ዓመት ኅዳር የወጣው 6.12 እትም የሃያ ዓመቱን ሥራ ይዞ ወጣ።

ከውድቀት በኋላ የሚቀር ቃል

መልእክቱ በኮንሶል ታየ ማለት ተመዘገበ ማለት አይደለም። ሌሊት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለወደቀ ሰርቨር ኮንሶሉን የሚያይለት የለም። ስለዚህ ከርነል ከወደቀ በኋላም ቃሉ የሚቀርበት ልዩ ልዩ ዘዴ ተበጅቷል።

በ2005 ወደ ሊኑክስ የገባው ዘዴ ሁለተኛ ከርነልን ይጠቀማል። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ከማኅደረ ትውስታው ጥቂት ክፍል ተለይቶ ይታጠራል፤ በዚያም ንጹሕ የሆነ ትንሽ ከርነል ተኝቶ ይጠብቃል። ዋናው ከርነል ሲወድቅ ሥልጣኑን ለዚህ ያስረክባል። እርሱም የሟቹን ማኅደረ ትውስታ ገልብጦ በዲስክ ያስቀምጣል። በታመመው ከርነል የዲስክ ማዘዣ ስለማይታመን የራሱን ይዞ ይነሣል።

ሁለተኛው ዘዴ የመጨረሻዎቹን መልእክቶች ኮምፒዩተሩ እንደ ገና ሲነሣ በማይጠፋ የማኅደረ ትውስታ ክፍል ወይም በሰሌዳው ላይ ባለ ቋሚ ማስቀመጫ ማኖር ነው። ቦታው ትንሽ ቢሆንም ብዙ ጊዜ የሚበቃው እነዚያ የመጨረሻ መስመሮች ናቸው። ሦስተኛው ዘዴ መልእክቱን በኔትወርክ ወዲያውኑ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር መላክ ነው። የማይክሮሶፍት ዊንዶውስም ሲወድቅ የማኅደረ ትውስታውን ቅጂ አስቀድሞ በዲስኩ ላይ በተያዘ ቦታ አስፍሮ፣ እንደ ገና ሲነሣ ወደ ተራ ፋይል ይለውጠዋል። በሁሉም ዘንድ የሚታየው ሐሳብ አንድ ነው። የውድቀቱ ሰዓት ቦታ የሚፈለግበት ሰዓት ስላልሆነ ቦታው አስቀድሞ ተይዞ ይጠብቃል።

መዝገቡ የሚመሰክርለት ሰው

መዝገብ ለመሐንዲሱ ምቾት ብቻ የሚያዝ አይደለም፤ የሰውን ስም የሚያነጻበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2019 ከቦሌ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከስድስት ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ከአራት ወር ያህል በፊት ተመሳሳይ የቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን በኢንዶኔዥያ ወድቆ ነበር። ጥፋቱን ወደ አብራሪዎቹ ለማሻገር የፈለጉ ድምፆች አልጠፉም።

የአውሮፕላኑ የበረራ መዝጋቢዎች በማግስቱ ተገኙ፤ ይዘታቸውም በፈረንሳይ ተነበበ። በሚያዝያ 4 ቀን 2019 የወጣው የኢትዮጵያ መርማሪዎች የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት፣ በግራ በኩል ያለው የአየር ማዕዘን መለኪያ ከቀኙ እጅግ የራቀ ቁጥር መስጠቱን፣ የአውሮፕላኑ አውቶማቲክ ሥርዓትም አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች መድፋቱን አሳየ። የቀኙ መለኪያ 15 ዲግሪ ያህል ሲያሳይ የግራው 74.5 ዲግሪ ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ በልዩ ልዩ መርማሪዎች መካከል ክርክር ቢኖርም፣ ክርክሩ የተደረገው በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ቆሞ ነው። ቁጥሮቹ ባይኖሩ ኖሮ የሟቾቹ ዝምታ እንደ ጥፋተኝነት ይቈጠርባቸው ነበር።

የበረራ መዝጋቢ ከከርነል መዝገብ ጋር አንድ ነገር አይደለም። የተለየ መሣሪያ ነው፤ በአውሮፕላኑ ጭራ ይቀመጣል፤ ከባድ ግጭትና እሳት እንዲችል ሆኖ ይሠራል። ሆኖም በ1950ዎቹ አውስትራሊያዊው ዴቪድ ዋረን ካቀረበው የመጀመሪያ ናሙና ጀምሮ የቆመበት መሠረት የከርነል ሠሪዎች ረጅም መንገድ ተጉዘው ከደረሱበት ጋር ይገጥማል። መዝጋቢው በሚመዘግበው ነገር ጤንነት ላይ መመካት የለበትም።

ለአገር ባለሙያ የሚቀር ሥራ

‹በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል› የሚለው ብሂል በአገራችን የታወቀ ነው። በኮምፒዩተር ዓለም ግን የተጻፈውም የሚወረሰው የተጻፈበት ሥፍራ ከተረፈ ብቻ ነው። በአገራችን የኤሌክትሪክ መቋረጥ ለማንኛውም የሰርቨር ክፍል ኃላፊ እንግዳ ነገር አይደለም። በድንገት ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በማኅደረ ትውስታ የነበረና ወደ ዲስክ ያልደረሰ መዝገብ ይጠፋል። በማግስቱ ጠዋት መዝገቡ የሚያሳየው ሁሉ ሰላም እንደ ነበር ነው። መዝገቡን በኔትወርክ ወደ ማዕከል መላክ ደግሞ መስመሩ እስካለ ድረስ መልካም ነው። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ በነበረው ጦርነት የስልክ፣ የኢንተርኔት፣ የባንክና የኤሌክትሪክ አገልግሎት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ መቈየቱ፣ መስመር ሁልጊዜ አለ ብሎ የሚሠራ ሥርዓት ምን ያህል ከውጭ ምንጭ ጋር የታሰረ እንደሆነ ለማንም ባለሙያ ግልጽ አድርጓል።

ስለዚህ አንድን ሥርዓት የሚተክል መሐንዲስ ሥራውን ከማስረከቡ በፊት ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። የመጨረሻዎቹ መልእክቶች ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ የት ይቀራሉ? ለሁለተኛው ከርነል ቦታ ተይዟል ወይስ የተተወው እንደ ፋብሪካው ነባር አደራደር ነው? ወደ ማዕከል የሚሄደው መልእክት መስመሩ ሲቋረጥ በአካባቢው ተቀምጦ ይቈያልን? የክፍሎቹ ሰዓት አንድ ካልሆነ የአንዱን መዝገብ ከሌላው ጋር ማስተያየት ስለማይቻል ሰዓታቸው በየጊዜው ይስተካከላልን? የእነዚህን መልስ ከመመሪያ መጽሐፍ አንብቦ ማወቅ አይበቃም። ሊኑክስ ራሱ ከርነሉን ሆን ብሎ የሚጥል የሙከራ ትእዛዝ አለው። አገልግሎት ከመጀመሩ በፊት ሥርዓቱን በዚህ ትእዛዝ ጥሎ መዝገቡ መትረፉን ማየት ግማሽ ቀን የማይወስድ ሥራ ነው።

ከዚህ ሌላ የሊኑክስ ከርነል ጽሑፍ ለማንም ክፍት ነው። በሃርቫርድ የነበረውን ደብተር ለማየት ሙዚየም መሄድ ያስፈልጋል። የፕሪንትኬን ታሪክ ግን በእንዳ ኢየሱስ ግቢ የሚማር የኮምፒዩተር ተማሪ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ እያንዳንዱን ለውጥ ከነምክንያቱ፣ ከነተመለሰውም ጭምር ሊያነበው ይችላል። የ2022ቱን ለውጥና የመመለሱን ምክንያት ጎን ለጎን ማንበብ ብቻውን ለአንድ ወጣት መሐንዲስ ጥሩ ትምህርት ነው። መምህራንም ይህንን ጽሑፍ በክፍል ውስጥ ቢያስነብቡት ተማሪው ፕሮግራም ሲሠራ የሚጽፈውን መልእክት እንደ ትርፍ ጌጥ ሳይሆን እንደ ሥራው ዋና ክፍል አድርጎ መመልከትን ይለምዳል።